መጋረጃው ሲነቃነቅ

በዚያ ቁምስና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኑዛዜ ያለ መዝሙር አይካሄድም። አንዱ ገብቶ ሲንበረከክ፣ ወረፋ የሚጠብቁት አግዳሚው ላይ ተደርድረው ይዘምራሉ። የመናዘዣው መጋረጃ ሲነቃነቅ ዝም ይላሉ። የገባው ይወጣል፣ ቀጣዩ ይገባል፣ መዝሙሩ ካቆመበት ይቀጥላል። ከሌላ ቁምስና በጋብቻ የመጣች አንዲት ሴት መጀመሪያ ያየች ዕለት፣ «እዚህ አገር ሰው ኃጢአቱን የሚናገረው በባንድ ታጅቦ ነው እንዴ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ከወር በኋላ እሷም ሁለተኛውን ድምፅ ይዛ ትዘምር ጀመር።

ልማዱን ያመጡት ሸማኔዎቹ ናቸው። የቁምስናው ካህን አልከለከሏቸውም። ሰዉ ሁሉ አባ ነው የሚላቸው፤ ስማቸውን የሚያውቁት ጳጳሱና የመብራት ኃይል ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

አባ ወደ ሰፈሩ ሲመጡ ጸጉራቸው ጥቁር ነበር፣ ቤተ ክርስቲያኑም አልነበረም። የነበረው የጨርቅ ፋብሪካና ሠራተኞቹ የሚኖሩበት ረድፍ ቤት ነው። የጊዜው ጳጳስ «ሂድና ሰዎቹን ፈልጋቸው» ብለው ላኳቸው። ፍለጋው አላደከመም፤ ሰዎቹ ሁሉ ማሽን ሥር ነበሩ። በፈረቃ ይገባሉ፣ ወጥተው ይተኛሉ፣ ነቅተው ይመለሳሉ። ሥራ አስኪያጁ በእግዜርም በጳጳስም የማያምን ሰው ነበር። «ማሽን እስካላስቆሙብኝ ድረስ የፈለጉትን ያድርጉ» አላቸው። ስለዚህ አባ እሑድ እሑድ በማሸጊያው መጋዘን ይቀድሳሉ፣ በሌላው ቀን ደግሞ ሽመና ክፍል ገብተው ከማሽን ማሽን እየዞሩ ያናዝዛሉ።

ሽመና ክፍሉ ውስጥ የገዛ ሐሳብ እንኳ አይሰማም። ማሽኖቹ ወለሉን ያንቀጠቅጡታል፤ አባ መጀመሪያ የገቡ ዕለት ጥርሳቸው እርስ በርስ ሲንኳኳ ተሰምቷቸዋል። ሸማኔዋ ዓይኗን ከክሩ ሳትነቅል አፏን ጆሯቸው ላይ ታስጠጋና በሙሉ ጉልበቷ ትጮሃለች። እንደዚያ እየተጮኸ ስለሚነገር ኃጢአት በክህነት ትምህርት ቤት ማንም አላስተማራቸውም። ከእሳቸው በቀር ግን የሚሰማው የለም፤ ጩኸቱን ጩኸት ይሸፍነዋል።

ያላሰቡት ነገር ሌላ ነበር። ሸማኔዎች በሥራ ላይ በድምፅ አይነጋገሩም፤ የሚነጋገሩት በከንፈር ነው። ከአዳራሹ ወዲያ ጫፍ ያለችው ወዲህ ጫፍ ካለችው ጋር ስለ እራቷም ስለ አማቷም አንድ ቃል ሳታሰማ ትጨዋወታለች። አንድ ቀን አባ አንዷን እያናዘዙ ቀና ሲሉ፣ ማዶ ያለችው ሸማኔ አፏን በክንዷ ይዛ ስትስቅ አዩ። ነገሩ ገባቸው። የዚያን ሳምንት እሑድ መጋዘኑ ውስጥ ሰብስበው እንዲህ አሉ፦

«በጆሮም ይሁን በዓይን፣ የሌላ ሰው ኑዛዜ የደረሰው ሁሉ እኔ እንደታሰርኩት ታስሯል። ለትዳር ጓደኛው አይናገርም። ለእናቱ አይናገርም። ለጳጳስም አይናገርም። ለእኔም መልሶ አይነግረኝም። ይኸው ነው።»

ሸማኔዎቹ ተነጋግረው አንድ ነገር ጨመሩበት። አባ ከአንዷ ማሽን አጠገብ ሲቆሙ ሌሎቹ ጀርባቸውን ይሰጣሉ። ሌላ ቦታ ጀርባ መስጠት ንቀት ነው፤ በዚያ ክፍል ግን ከሰላምታ የበለጠ ክብር ሆነ።

ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ ተሠራ። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። መናዘዣውን የፋብሪካው አናጢ ከማሽን ማሸጊያ ጣውላ አበጀው። ጣውላውን ቢልገውም በተናዛዡ በኩል አንዱ ሳንቃ ላይ «ተሰባሪ ዕቃ» የሚለው የቀለም ማኅተም አልለቀቀም። መጋረጃው ከፋብሪካው ውዳቂ የተገኘ ሐምራዊ ጨርቅ ነው። መናዘዣው ሁለት ክፍል ስላለው ጨርቁ ለሁለት መቆረጥ ነበረበት። የመቅደሱ ጠባቂ ግን የድሮ ሸማኔ ነው፤ ቅጥነቱን አይተው እንደ ክር መጠቅለያዋ ዘንግ ቀሰም ይሉታል። ያን የመሰለ ጨርቅ መቀስ ለማስነካት አንጀቱ አልቻለም። አንዱን ወጥ ጨርቅ በሁለቱም ክፍል ላይ ዘረጋውና ተወው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አባ ገብተው ተቀመጡ። ሰውም መጥቶ አግዳሚውን ሞላው። የሚነሣ ግን ጠፋ። ብዙ ጠብቀው ወጡና፣ «ምነው? ባንድ ሌሊት ጻድቅ ሆናችሁ?» አሉ።

አንዲት ወጣት ሸማኔ መለሰች። ሹክሹክታ ነው የሚሏት፤ ስታወራ ከሦስተኛው ቤት ስለምትሰማ ነው።

«አባ፣ ፀጥ ይላል እኮ!» አለች። «እዚህ ሰው ምራቁን ሲውጥ ይሰማል። እኔ ገብቼ ልዘክዝክ፣ እነዚህ ሁሉ ጆሯቸውን አቁመው?»

«ዝቅ አድርገሽ ተናገሪ።»

«ማን? እኔ?»

አግዳሚው በሳቅ ተናጋ። ዝቅ አድርጎ መናገር ከመሃላቸው የሚችል አልነበረም፤ ማሽኑ ነጥቋቸዋል። ሹክሹክታ ትንሽ አሰበችና የማርያምን መዝሙር አነሣች። ሌሎቹ ተቀበሏት። ከጫፍ የተቀመጠችው ሴት ተነሥታ ገባች። መዝሙሩ የማሽኑን ሥራ ያዘ።

እንዲህ ሆኖ ብዙ ዓመት ሄደ። አባ አጠመቁ፣ አጋቡ፣ ቀበሩ። ፋብሪካው እየቀነሰ መጥቶ አንድ ቀን ተዘጋ። ሰፈሩ ውስጥ እስከዚያ ቀን የማይሰማው ሁሉ በአንድ ጊዜ መሰማት ጀመረ፤ ውሻው፣ ሕፃኑ፣ የባልና ሚስቱ ጠብ። ሰዉ ለካ እንዲህ እንጯጯህ ነበር እያለ ተገረመ። አባ ግን ምንም ለውጥ አላገኙም። ቀሰም ደወል መደወል ተወ ብለው ተቆጥተው ወጥተው፣ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ሲደውል አገኙት። ጆሯቸው ሽመና ክፍል ውስጥ ቀርቶ ነበር።

በውጭ ብዙም አልተቸገሩም። ከሸማኔዎቹ ጋር ሲኖሩ ከንፈር ማንበብ ለምደዋል፤ ሰው ፊት ለፊታቸው ከቆመ አንድ ቃል አያመልጣቸውም። ችግሩ መናዘዣው ነው። እዚያ ጨለማ ነው፣ መሃል ላይ ደግሞ የእንጨት ወንፊት አለ። ስለዚህ «ጮክ በል ልጄ»፣ «ጮክ በይ ልጄ» ይላሉ። ምእመኑ ይጮሃል፣ አግዳሚው አብልጦ ይጮሃል። የአባ ጆሮ መድከሙን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ያነሣው ግን የለም። የማያውቀው ሀገረ ስብከቱ ብቻ ነው። አባም አልነገሩም። ጆሮው የደከመ ካህን የት እንደሚሄድ ያውቃሉ፤ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛቸውን እዚያ ሄደው ጠይቀዋል። የጡረተኛ ካህናት ቤት ረጅም ኮሪደር ነው፤ ግራና ቀኝ ወንበር፣ ጫፉ ላይ ቴሌቪዥን። ጓደኛቸው ቴሌቪዥኑን እያየ «ዛሬ ቅዳሜ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። ማክሰኞ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው እሳቸው የማይጠረጥሯት ሴት በገባች ዕለት ነው።

ሴትዮዋ ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። የሹክሹክታ ወንድም ሚስት ስትሆን፣ ከባሏና ከሹክሹክታ ጋር በአንድ ግቢ ትኖራለች። ሹክሹክታ የምትናገረውን ያህል አጣቢዋ ዝም ትላለች። ስትናገር እንኳ ከንፈሯ በቅጡ አይላቀቅም፤ አባ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ለማንበብ የሚቸገሩት እሷን ነው። ፋብሪካ ሠርታ አታውቅም፣ መጮህም አልለመደባትም።

የዚያን ቅዳሜ ገብታ ተንበረከከች። ከውጭ መዝሙሩ ይሄዳል። አባ ከወንፊቱ ወዲያ ትንፋሽ እንጂ ቃል አላገኙም።

«ጮክ በይ ልጄ።»

ትንሽ ከፍ አለ መሰላቸው። ያው ትንፋሽ ነው።

«አይሰማኝም። ሰው አይሰማሽም፣ ይዘምራሉ። ጮክ በይ።»

ደግሞ ሞከረች። አባ የተሻለውን ግራ ጆሯቸውን ወደ ወንፊቱ ለማስጠጋት ወንበራቸው ላይ ዞሩ። ቦታው ጠባብ ነው። ክርናቸው መጋረጃውን ገፋው። መጋረጃው አንድ ወጥ ጨርቅ ነውና ከጫፍ እስከ ጫፍ ተነቃነቀ። አግዳሚው መጋረጃውን አየ፣ ጨረሰች አለ፣ መዝሙሩን አቆመ።

ልክ ያን ጊዜ አጣቢዋ ያላትን ድምፅ ሁሉ ሰብስባ ጮኸች።

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ምን እንዳለች እዚህ አይጻፍም። አባ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ ወንፊት በኩል አንድ ነገር ጥርት ብሎ ተሰማቸው። እውነቱን ለመናገር ደስ አላቸው። ጆሮዬ ዛሬ ደህና ነው ብለው አሰቡ። ቀኖና ሰጧት፣ ፈቷት፣ «በሰላም ሂጂ» አሉ።

ቀጣዩን ጠበቁ። ማንም አልገባም። እንደገና ጠበቁና መጋረጃውን ገልጠው ወጡ።

አጣቢዋ የመጋረጃውን ጫፍ እንደያዘች ቆማለች። አግዳሚው ላይ ያሉት አንዱ ጫማውን፣ አንዱ ጣሪያውን ያያል። ሁሉም ግን ከማየታቸው በፊት ወደ አንድ ሰው ዞረው እንደነበር ከአንገታቸው ያስታውቃል። ሹክሹክታ መሃል ላይ ቆማለች። የመዝሙር መጽሐፏን ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል፣ አፏ ተዘግቷል። አባ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሹክሹክታ ቆማ አፏ ሲዘጋ አይተው አያውቁም።

አጣቢዋ መጋረጃውን ለቃ በጎን በር ወጣች።

ከደወሉ ገመድ አጠገብ ቀሰም ነበር። ድምፅ ሳያወጣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፦ «መዝሙሩ ቆሞ ነበር።»

«መቼ?» አሉ አባም በከንፈር።

«እሷ እየተናገረች።»

አባ መጋረጃውን አዩ። ከዚያ ክርናቸውን አዩ። ተመልሰው ገብተው ተቀመጡ፤ ሰዓቱ አላለቀም ነበር። የመጣ የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ለአባ እጅግ የጠበበ ነበር። አጣቢዋ ራሷ ካላነሣችው ሊያነሡባት አይችሉም። ሹክሹክታን «ምን ሰማሽ?» ማለት አይችሉም። እንዳትናገሪ ማለትም አይችሉም፤ እንዳትናገሪ ካሉ የሚነገር ነገር አለ ማለት ነው። ያ ዓረፍተ ነገር ከአግዳሚው እስከ ግቢው በር ከደረሰ አጣቢዋ ቤት የላትም። ይህን ያውቃሉ፤ ግን የሚያውቁት ሊጠቀሙበት ከማይፈቀድላቸው ቦታ ነው።

ማታ ቀሰም የቅዳሴውን ልብስ እያጣጠፈ በራሱ ጊዜ ጀመረ።

«እኔ ምንም አልሰማሁም።»

«አልጠየቅሁህም።»

«ቢጠይቁኝም አልሰማሁም።»

«ቀሰም፣ አልጠይቅህም አልኩህ።»

«እንዳይጠይቁኝ ነው የምለው።» ልብሱን መሳቢያ ውስጥ ከተተና ቆሞ አሰበ። «ስለ እኔ አይደለም ሐሳቤ፣ አባ። እዚያች ሴትዮ አፍ ውስጥ ምን አድሮ ያውቃል? የጎረቤት ድመት ስትወልድ ለሰፈሩ የምታውጅ ናት።»

«መሳቢያውን ዝጋ።»

«ተዘግቷል።»

«አፍህንም።»

እሑድ ዕለት አባ ሸማኔዎቹን መጋዘን ውስጥ ያስተማሩትን ሊደግሙ አስበው ወጡ። ወንጌሉን አንብበው ቀና አሉ። አጣቢዋ ከኋላ፣ ከምሰሶው ጎን ናት። ሹክሹክታ ከፊት፣ ከመዘምራኑ መሃል ናት። ሕጉን ቢጠቅሱ የቤተ ክርስቲያኑ አንገት ሁሉ ወደ ምሰሶው እንደሚዞር ታያቸው። ስለ ዘሪው ሰበኩ። ማስታወቂያ ላይ አንድ ጥቁር ጃንጥላ ተረስቶ መገኘቱን ተናገሩ። በጃንጥላው ጨርሰው ገቡ።

በሳምንቱ መሃል አንድ በሽተኛ ጠይቀው ሲመለሱ በዋናው መንገድ አለፉ። የሹክሹክታ ወንድም ጎማ ጠጋኝ ነው፤ ሱቁ መንገዱ ዳር ናት። ከደጃፉ አንድ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ይፈልጋል። ሹክሹክታ የገበያ ዘንቢል ይዛ አጠገቡ ቆማለች። አባ ማዶ ነበሩ። ሊያዩ አልፈለጉም፤ ግን ዓይናቸው ለምዶበታል። ከንፈር ሲንቀሳቀስ ያነባል።

«ምን ተባለ ቅዳሜ?» ይላል ወንድምየው።

«የት?»

«ቤተ ክርስቲያን ነዋ!»

«ዘመርን።»

«አታሞኚኝ። ሰው እኔን ሲያይ ወሬ ያቆማል። ሚስቴ እህል አልበላም ብላለች። አንቺ ደግሞ ይኸው አራት ቀን ሙሉ ግቢው ጭር ብሏል። አንቺ! ጎረቤት እኮ ሞተች ወይ ብሎ ጠየቀኝ።»

«ጉሮሮዬን አሞኛል።»

«ጉሮሮሽን?»

«ጉሮሮዬን። ሰው ጉሮሮ አያመውም?»

«ሰውን ያመዋል። አንቺን አያምሽም።» ጎማውን ከውሃው አወጣና ጣለው። «እኔ ወንድምሽ ነኝ። ስለ ቤቴ የሰማሽው ነገር ካለ ንገሪኝ። እሷን የሚነካ ነው?»

አባ መንገዱ ዳር ቆመው ቀሩ። ከኋላቸው ሚኒባስ ጥሩንባ ነፍቶባቸው እንደሆነ የሚያውቁት ነገር የለም። ሹክሹክታ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ዘንቢሉን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። የሆነውን ሁሉ ለመንገር የሚያስፈልጋት አንድ ትንፋሽ ነበር፤ ደግሞም የተበደለችው ራሷ ናት።

ያን ጊዜ ቀና ስትል ማዶ አባን አየቻቸው። ከንፈሯን እያዩ መሆናቸውን አወቀች። ሹክሹክታ ፋብሪካ ውስጥ አርጅታለች፤ ማን ምን እንደሚያነብ ታውቃለች። ለወንድሟ አንዲት አጭር ነገር አለችው፤ አባ ይህችን አላነበቧትም፤ ምክንያቱም እያለችው ዞራ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ቀጥ ያለ፣ የሽመና ክፍል ጀርባ ነው። ወንድምየው እጁን አወናጭፎ ወደ ጎማው ተመለሰ።

አባም ጀርባቸውን ሰጥተው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እቤታቸው እስኪደርሱ ዞረው አላዩም።

ወሬው ግን ሌላ መንገድ ነበረው። አጣቢዋ ምን እንዳለች የተናገረ የለም፤ የአባ ጆሮ መድከም ግን ኑዛዜ አይደለም። ማን እንዳደረሰው አልታወቀም፣ አባም አልጠየቁም። የጳጳሱ እንደራሴ አንድ ቀን ጠዋት በመኪና መጡ። በዕድሜ የአባ ልጅ ሊሆኑ የሚችሉ፣ መነጽራቸውን አሥር ጊዜ የሚወለውሉ ሰው ናቸው። የቁምስናው አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ አስቀርበው ሰዉን አንድ በአንድ ጠየቁ። አባ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያነባሉ።

ሹክሹክታ ስትገባ እንደራሴው ወንበር ሰጧት።

«ቅዳሜ ዕለት መናዘዣው ውስጥ የተነገረ ነገር ውጭ ተሰማ ይባላል፣ እናቴ።»

«ማን ይላል?»

«ይባላል።»

«እንግዲያው የሚለውን ይጠይቁት፣ አባቴ።»

«እርስዎ እዚያ ነበሩ?»

«ነበርኩ።»

«ምን ሰሙ?»

«ራሴን።» ወንበሩ ላይ ተደላደለች። «እኔ ባለሁበት ሌላ ሰው አይሰማም። ሰፈሩን ይጠይቁ።»

«መዝሙሩ ግን ቆሞ ነበር አሉ።»

«አባቴ፣ እኔም እኮ እተነፍሳለሁ። ሰው እየዘመረ ካልተነፈሰ ይሞታል።»

እንደራሴው መነጽራቸውን አወለቁ። «ያን ጊዜ ምንም ነገር ወደ ጆሮዎ አልገባም?»

ሹክሹክታ ወደ አባ አላየችም። «ይህን መጠየቅ ይፈቀድልዎታል?» አለች። እንደ ወትሮዋ አልጮኸችም፤ ይህን አባ ከእንደራሴው ፊት ነው ያወቁት፤ ለመስማት ጎንበስ ብለው ነበር። «እኛን መጋዘን ውስጥ ሲያስተምሩን ለጳጳስም አይነገርም ነበር የተባልነው። ተሽሮ እንደሆነ ይንገሩንና እንወቀው።»

እንደራሴው መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። «አልተሻረም» አሉ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው አላስጠሩም።

ሁለቱ ካህናት ብቻቸውን ሲቀሩ እንደራሴው ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ጀርባቸውን ሰጥተው ግቢውን እያዩ ቆሙ። አባ ትከሻቸው ሲንቀሳቀስ አዩ፤ እየተናገሩ ነው። ጥያቄ መሆኑን ከራሳቸው መዘንበል ገመቱ። መገመት ይችሉ ነበር፤ ስንት ዓመት የኖሩት በግምት ነው።

እንደራሴው ዞሩ። «ምን አልኩ?»

«አልሰማሁም» አሉ አባ።

«መናዘዣው ውስጥስ?»

«የሚጮሁትን እሰማለሁ።»

«የማይጮሁትን?»

«እንዲጮሁ አደርጋቸዋለሁ።»

ይህ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ አባ ጠረጴዛውን እያዩ ቆዩ። እንደራሴው ሊናገሩ ሲሉ አባ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው።

«ለቅዳሜ ሌላ ሰው ይላኩ። ወጣት ቢሆን ይመረጣል። እኔን የምታደርጉኝን ከዚያ በኋላ አስቡበት።»

«የምናደርግዎት ነገር የለም። ቅዳሴ ይቀድሳሉ። ቤትዎም ያው ይኸው ነው።»

አባ ኮሪደሩንና ቴሌቪዥኑን አሰቡና ቀስ ብለው ተነፈሱ። እንደራሴውን በር ድረስ ሲሸኙ፣ «መስኮቱ ጋ ምን ነበር ያሉት?» ብለው ጠየቁ።

«ጣሪያው ያፈስሳል ወይ ነው ያልኩት።»

«ያፈስሳል» አሉ አባ።

አዲሱ ቄስ ቅዳሜ በሞተር ብስክሌት መጣ። አባ እንዳሉት ወጣት ነው፤ ቸኩሎ የሚራመድ፣ ሰውን ሁሉ የሚጨብጥ ልጅ። አግዳሚው ሞልቶ ጠበቀው። ስለ መዝሙሩ ሰምቶ መጥቷል።

«ከእንግዲህ አትቸገሩ» አለ እየሳቀ። «የእኔ ጆሮ ጤነኛ ነው። በጸጥታ እንጸልይ።»

ገባና መጋረጃውን ዘጋ።

ጸጥታ ሆነ። አጣቢዋ ከዚያ ቀን ወዲህ ቅዳሜ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው፤ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሹክሹክታ በወዲያኛው ጫፍ ናት፤ የመዝሙር መጽሐፏ ጉልበቷ ላይ ተዘግቷል። በመሃል ያሉት እጃቸውን ያያሉ። የሚነሣ የለም። አባ ከደወሉ ጎን ካለችው ወንበር ሆነው አዩት። ጸጥታውን ሊሰሙት አይችሉም፤ ሰው ሁሉ ምራቁን ሲውጥ ግን ያያሉ። ያ የመጀመሪያው ቅዳሜ ተመልሶ መጥቷል። ዛሬ ይህ ሁሉ ሰው ሳይናዘዝ ከወጣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አይመጣም፤ አጣቢዋ ደግሞ መቼም አትመጣም።

አባ ተነሡ።

እሳቸው የሚናዘዙት ወር በወር አጎራባች ቁምስና ሄደው ነበር። በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው በተናዛዡ በኩል ሲገቡ አይቷቸው የሚያውቅ ሰው የለም። መጋረጃውን ገልጠው ተንበረከኩ። ጉልበታቸው ተንቋቋ። ፊት ለፊታቸው ሳንቃው ላይ «ተሰባሪ ዕቃ» የሚል ጽሑፍ ነበር። መኖሩን ረስተውት ነበር፤ ከወዲያኛው ወንበር አይታይም።

በወንፊቱ በኩል የልጁ አፍ ጥቁር ጥላ ነው። አንድ ነገር እያለ ይሆናል፣ ምናልባትም ዝቅ ያድርጉ እያለ። አባ ድምፃቸው ምን ያህል እንደሆነ ካወቁ ብዙ ዘመናቸው ነው። ክርናቸውን ወደ ሆዳቸው ሰብስበው፣ መጋረጃውን ላለመንካት ተጠንቅቀው ጀመሩ። ምን እንዳሉ እዚህ አይጻፍም። አጭር አልነበረም።

ሲጨርሱ ጥላው ተንቀሳቀሰ። የመስቀል ምልክቱን ሲያዩ አማተቡ። ተነሡና መጋረጃውን ገለጡ።

የአግዳሚው አፎች ሁሉ ተከፍተው ነበር። መጋረጃው ሲነቃነቅ እኩል ተዘጉ። ሹክሹክታ መጽሐፏን ከፍታ መሃል ላይ ቆማለች፣ የአንገቷ ሥር ተገታትሯል። አጣቢዋ ከጫፉ ተነሥታ አጠገቧ መጥታለች፤ የሷ አፍ ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይቶ ተዘጋ። መዘመር አልለመደችም።

ሹክሹክታ ወደ አባ ዞራ ያለ ድምፅ፣ በከንፈሯ ብቻ፣ «ቀኖናው ከበደ?» አለች።

«እኔ እንጃ» አሉ አባ። «አልሰማሁትም።»

«ተመልሰው ይጠይቁታ!»

«ወረፋ አለ» አሉና ቦታ ለቀቁ።

አጣቢዋ ቀሚሷን አስተካክላ ገባች። መጋረጃው ረጋ። ሹክሹክታ አፏን ከፈተች።